ዘቢቡ እንዴት ጽዋ ይሆናል? ከዓለት መጥመቂያ እስከ ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም

ለበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መባ ሲያዘጋጅ ሦስት ነገሮች አብረው ይነሣሉ፦ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ። ጧፉ ሲበራ ይታያል፤ ዕጣኑ ሲጤስ ይሸታል። ዘቢቡ ግን ከተሰጠ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። ምእመኑ ዳግም የሚያገኘው በቅዳሴው ፍጻሜ፣ በዲያቆኑ ዕርፈ መስቀል ላይ ነው። በመካከል ምን ተደረገ? ያ የደረቀ ፍሬ እንዴት ፈሳሽ ሆነ? ወይን በብዛት በማይበቅልበት ደጋስ ቤተ ክርስቲያን ከወይን ፍሬ ሳትለይ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ኖረች?

ጥያቄውን ከጣራ ገዳም ተነሥቶ መመለስ ይቻላል። ገዳሙና ደኑ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ተራራ ላይ ናቸው። ወደ ታች ሲመለከቱ የፎገራ ሜዳና ጣና ሐይቅ አሉ። በሜዳው ጠርዝ፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ በቀድሞ ዘመን ወይን የበቀለባት ይፋግ አለች። ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሬቱ እየወጣ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ከዚያም አልፎ ጋይንት ውስጥ የድጓ ትምህርት ቤቱ ቤተ ልሔምና የዝማሬ ትምህርት ቤቱ ዙር አባ ይገኛሉ። የወይኑ ፍሬም፣ ፍሬው የሚጨመቅበት ሥርዓትም፣ ለጽዋው የሚዜመው ዜማም በዚህ አንድ አገር ውስጥ ታሪክ አላቸው። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ የሚያነሣውን የወይን መጥመቂያ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጥመቂያው እንዴት ይሠራ ነበር?

በይሁዳና በገሊላ ኮረብቶች ላይ ከዓለት የተፈለፈሉ ጥንታዊ መጥመቂያዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከላይ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ የሆነ ገንዳ አለ፤ ወለሉ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ያዘነብላል። ከእርሱ በታች ጠበብና ጠለቅ ያለ ሌላ ገንዳ ተቆፍሯል። ሁለቱን በዓለቱ የተበሳ ቀጭን ቦይ ያገናኛቸዋል። ወይኑ በመከር ጊዜ ተለቅሞ፣ በቅርጫት መጥቶ ላይኛው ገንዳ ላይ ይፈስሳል። ሠራተኞቹ በባዶ እግራቸው ገብተው ይረግጡታል። ወለሉ ስለሚያንሸራትት እርስ በርስ ተያይዘው፣ ወይም ከላይ የተወጠረ ገመድ ጨብጠው፣ እየዘፈኑና እልል እያሉ ይረግጣሉ። ጭማቂው በቦዩ ወርዶ ታችኛው ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ቆዳው፣ ዘሩና ግንጫፉ ከላይ ይቀራል፤ እርሱንም በእንጨትና በድንጋይ ተጭነው የቀረውን ያወጡታል።

በእግር መርገጥ የተመረጠበት ምክንያት አለው። የወይን ፍሬ ቆዳ፣ ሥጋና ዘር አለው። ጣፋጩ በሥጋው ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ከቆዳው ይመጣል፤ መራራው ያለው በዘሩ ነው። የሰው ተረከዝ ቆዳውን ለማፈንዳት ይበቃል፤ ዘሩን ለመስበር ግን አይበቃም። ፍሬው በድንጋይ ቢፈጭ ኖሮ የዘሩ ምሬት ከጭማቂው ጋር ይደባለቅ ነበር። ስለዚህ ከዓለት የተሠራው ገንዳው ብቻ ነው፤ ፍሬውን የሚነካው የሰው አካል ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ መሥዋዕቱ ወደሚዘጋጅባት ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ላይኛው ገንዳ፣ ሰፋ ሲልም መጥመቂያው በሙሉ፣ ሌኖስ ይባላል። ታችኛው ሂፖሌኒዮን ነው፤ «ከሌኖሱ በታች ያለው» እንደ ማለት። ሁለቱ ወንጌላውያን የክፉዎቹን ገበሬዎች ምሳሌ ሲጽፉ ይህ ልዩነት ይታያል፦ ማቴዎስ በምዕራፍ 21 ባለቤቱ ሌኖስ እንደ ቆፈረ ይናገራል፤ ማርቆስ በምዕራፍ 12 ደግሞ ሂፖሌኒዮን መቆፈሩን ይጽፋል። አንዱ የሚረገጥበትን፣ ሌላው የሚጠራቀምበትን አነሣ። ሌኖስ በመሠረቱ ገንዳ ማለት በመሆኑ በግሪኩ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ያዕቆብ በትሮቹን ያኖረበት የበጎች ውኃ መጠጫም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። የእኛ ግእዝ ምክያድ ይለዋል፤ «ኬደ»፣ ማለትም ረገጠ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ግሪኩ ዕቃውን፣ ግእዙ ሥራውን አይቶ ሰየመው።

መጥመቂያው ምን ያመለክታል?

ሌኖስ በአዲስ ኪዳን 5 ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ አንዱ በማቴዎስ፣ አራቱ በራእይ። ትርጉሙ የተዘጋጀው ግን በብሉይ ኪዳን ነው፤ እዚያ መጥመቂያው የሚያሳየው መልክ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው መልክ ደስታና ስጦታ ነው። ኦሪት ዘዳግም የዳስ በዓል ከአውድማና ከመጥመቂያ ምርት ከገባ በኋላ እንዲከበር ያዛል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 15 አንድ ባሪያ ነጻ ሲወጣ ጌታው ባዶ እጁን እንዳይሰደው፣ ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከመጥመቂያው እንዲሰጠው ታዟል። መጥመቂያው በዚያ ሕግ የቤት ሀብት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ነጻ የወጣ ሰው አዲስ ኑሮ የሚጀምርበት ስንቅ ሆነ።

ሁለተኛው ፍርሃትና መሸሸጊያ ነው። በመሳፍንት ምዕራፍ 6 ጌዴዎን ስንዴውን በአውድማ መውቃት አልቻለም፤ አውድማ ነፋስ ያለበት ገላጣ ቦታ በመሆኑ ምድያማውያን ያዩታል። ስለዚህ በተቆፈረው መጥመቂያ ውስጥ ተሸሽጎ ወቃ። የወይን ቦታ ለስንዴ ዋለ፤ የእልልታ ስፍራ የምሥጢር ስፍራ ሆነ። የእግዚአብሔር መልአክ ያገኘውም እዚያው ነበር።

ሦስተኛው ባዶነት ነው። ነቢዩ ሐጌ በምዕራፍ 2 ስለ አንድ ሰው ይናገራል፦ 50 መስፈሪያ ሊቀዳ ወደ መጥመቂያው ቢመጣ 20 ብቻ አገኘ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 የሚናገረውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የወይኑ ባለቤት መሬቱን ቆፈረ፣ ድንጋዩን ለቀመ፣ ምርጥ ተክል ተከለ፣ ግንብ ሠራ፣ መጥመቂያም አዘጋጀ፤ ፍሬው ግን ሆምጣጣ ሆነ። መጥመቂያው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ከክፉ ፍሬ ግን መልካም ጭማቂ ማውጣት አይችልም።

አራተኛው ፍርድ ነው። ኢዮኤል በምዕራፍ 3 የአሕዛብ ክፋት ሲሞላ መጥመቂያው ሞልቶ እንደሚፈስ ይናገራል። ሰቆቃወ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መውደቅ በመጥመቂያ እንደ መረገጥ ያየዋል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 63 ልብሱ የቀላ አንድ ኃያል ብቻውን መጥመቂያ ረግጦ ሲመጣ ያሳያል። ዮሐንስም በራእይ ምዕራፍ 14 ከከተማ ውጭ ከተረገጠው መጥመቂያ የወጣው ደም እስከ ፈረሶች ልጓም ከፍ ብሎ 1,600 ምዕራፍ ያህል እንደ ፈሰሰ ይጽፋል። በግሪኩ ስታዲዮን የሚባለው ይህ ልክ ወደ 185 ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ ያህል ማለት ነው።

ደስታ፣ መሸሸጊያ፣ ባዶነት፣ ፍርድ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ገንዳ እንዴት ተገናኙ? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ይመስለኛል። መጥመቂያ ምንም አይጨምርም። ስኳር አይጨምርም፣ ቀለም አይጨምርም፣ ጣዕም አይጨምርም። ሥራው በፍሬው ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን ማውጣት ብቻ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ከሆነ እልልታ ይወጣል፤ ሆምጣጣ ከሆነ ሐዘን ይወጣል፤ ባዶ ከሆነ 50 ሲጠበቅ 20 ይወጣል። ነቢያቱ ለፍርድ ምሳሌ መጥመቂያን የመረጡት በዚህ ነው። ፍርድ በሰው ላይ የሌለበትን አይጭንበትም፤ ያለበትን ይገልጠዋል።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። አባቶች በኢሳይያስ 63 ብቻውን የረገጠውን ኃያል ክርስቶስ ነው ብለው አነበቡ። በትንቢቱ ልብሱን ያቀላው የጠላቶቹ ደም ነው። በመስቀል ላይ ግን ልብሱ የቀላው በራሱ ደም ነው። ረጋጩም እርሱ፣ ፍሬውም እርሱ ሆነ፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ራሱን እውነተኛ የወይን ግንድ ብሎ ጠርቷልና። ብቻውን መሆኑም አልቀረም፤ ደቀ መዛሙርቱ ጥለውት ሸሽተው ነበር። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የስቅለት ሥዕል ላይ መላእክት ከጎኑ የሚፈሰውን ደም በጽዋ ሲቀበሉ የሚታዩት ይህንኑ ለማስተማር ነው። ላይኛው ገንዳ ቀራንዮ ነው፤ ታችኛው ጽዋው ነው።

ወይን በጣና ዳር፣ ዘቢብ በደጋው

ይህ ሁሉ ምሥጢር በየቅዳሴው እንዲፈጸም የወይን ፍሬ የግድ ያስፈልጋል። ጠጅ የቱን ያህል ቢከብር የማር ነው፤ ጠላም የእህል ነው፤ ሁለቱም ለጽዋው አይሆኑም። ወይን ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ በቀላሉ አይገኝም። ተክሉ ራሱ እንግዳ አይደለም፤ ወይና ደጋ የሚለው የአየር ጠባይ ስም እንኳ ወይን አለበት። ችግሩ ክረምቱ ነው። ወይን ፍሬው ሲበስል ፀሐይና ደረቅ አየር ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና ጭጋግ ቅጠሉንና ዘለላውን ለሻጋታ በሽታ ያጋልጠዋል። ከፍታው ከጨመረ ደግሞ ብርዱ ፍሬው ስኳር እንዳይሞላ ያደርገዋል። በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦር ወይን ማምረት በጣም ከባድ ነው።

ዝቅ ያሉት የጣና ዳር መሬቶች ግን ተስማሚ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው ያለፉ ተጓዦች ይፋግን ሲያነሡ ትልቅ ገበያዋንና የወይን ተክሏን ያነሣሉ። ከጣራ ገዳም ሥር ባለው በዚያ መሬት ወይን መብቀሉ ለአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ትልቅ ነገር ነበር።

ሆኖም ፍሬው የሚደርሰው በመከሩ ጊዜ ነው፤ ቅዳሴ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ትኩስ ፍሬ በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። የወይን ጠጅ አድርጎ ማቆየትም በቂ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ጓዳና እውቀት ይጠይቃል፤ ካልተጠነቀቁለት ኮምጣጤ ይሆናል። መፍትሔው ማድረቅ ነበር። ትኩስ የወይን ፍሬ ከመቶ 80 ያህሉ ውኃ ነው። በፀሐይ ሲደርቅ ውኃው ወደ 15 ከመቶ ይወርዳል፤ ከቀረው አብዛኛው ስኳር ይሆናል። በዚህ መጠን በደረቀ ፍሬ ውስጥ እርሾም ሆነ ባክቴሪያ ለመራባት የሚበቃ ውኃ አያገኝም። ስለዚህ ዘቢብ በከረጢት ተቋጥሮ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ከዝቅተኛው መሬት ወደ ደጋ ወጥቶ ለወራት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ወይን ወደማይበቅልበት ተራራ ቤተ ክርስቲያን ወይን የወጣው በዘቢብነት ነው።

ልማዱ ጥንታዊ መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ አለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ቆይቶ ያየውን ጽፏል። የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ለቅዳሴ የሚሆነው ግን በዕቃ ቤት ከሚቀመጥ ዘቢብ፣ በውኃ ተዘፍዝፎና በጨርቅ ተጨምቆ እንደሚዘጋጅ ገልጿል። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈው አሠራር ዛሬ በደቡብ ጎንደር ገጠር ከሚደረገው ጋር በዋናው ነገር አንድ ነው። ጳጳሳት ይመጡልን የነበሩበት የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም የወይን ጠጅ በሚቸግርበት ዘመን በዘቢብ ትጠቀም ነበር።

በቤተ ልሔም ውስጥ ምን ይደረጋል?

ቤተ ልሔም ብዙውን ጊዜ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ቤት ናት። የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚጋገረውና ወይኑ የሚዘጋጀው በዚያ ነው። ሥራው የዲያቆናት ነው። በሌሊት ይነሣሉ፤ ይጾማሉ፤ ንጽሕናቸውን ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው እንደ ልቡ አይገባባትም፤ ዕቃዎቿም ለሌላ አገልግሎት አይውሉም።

ዘቢቡ በመጀመሪያ ይለቀማል። ግንጫፍ፣ አሸዋ፣ የሻገተ ፍሬ ይወገዳል። ቀጥሎ አቧራው እስኪጠራ ይታጠባል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ እንደ ዘቢቡ ድርቀትና እንደ ቦታው ልማድ ይለያያል፤ ምልክቱ ግን አንድ ነው፦ ፍሬው ለስልሶ መነፋት አለበት።

በዚህ ጊዜ በፍሬው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የዘቢብ ቆዳ ውኃን ያሳልፋል። በውስጡ ያለው ስኳር እጅግ የተከማቸ ሲሆን በውጭ ያለው ውኃ ግን ምንም ስኳር የለበትም። ውኃ ሁልጊዜ ብዙ ስኳር ወዳለበት ወገን ይሳባልና በቆዳው አልፎ ይገባል፤ ማታ የተዘፈዘፈ ሽንብራ ጠዋት ተነፍቶ እንደሚገኝ ዘቢቡም ይነፋል። ጥቂት ቆይቶ ስኳሩ፣ ቀለሙና የወይን መለያ የሆነው ታርታሪክ አሲድ ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራሉ። የጽዋው ጣዕም ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን በምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሹልነት ያለው በዚህ አሲድ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲታይ ለዘቢቡ የሚጨመረው ውኃ ባዕድ ነገር አይደለም። ፀሐይ የወሰደችበት ውኃ ተመለሰለት ማለት ነው።

ከዚያ መጭመቁ ይመጣል። ዲያቆኑ የለሰለሰውን ዘቢብ በእጁ ያሸዋል፣ ይጨምቃል። የዓለቱን መጥመቂያ እዚህ እናስታውስ። ተረከዝ ቆዳውን አፈንድቶ ዘሩን ሳይሰብር እንደሚተው፣ የሰው መዳፍም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። በወፍጮ ወይም በማሽን ቢፈጭ ዘሩ ተሰብሮ ምሬቱ ይወጣል፤ ፈሳሹም ይደፈርሳል። ስለዚህ እጅ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው መሣሪያ ነው። የተጨመቀው በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ቆዳና ዘሩ ከላይ ይቀራል፣ የጠራው ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ ገንዳዎችና በመካከላቸው ያለው ቦይ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ በእጅ፣ በጨርቅና በጽዋ ተተክተዋል። ሥራው ግን አልተለወጠም፤ ላይኛው ይረገጣል፣ ታችኛው ይቀበላል።

ኅብስቱና ወይኑ ሲደርሱ ከቤተ ልሔም ወደ ቤተ መቅደስ በክብር ይወጣሉ። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ተሸፍኖ፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ቃጭል እየተመታ ይሄዳል። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ይነሣል፣ ይሰግዳል። ለቅዳሴው ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በጸሎተ ቅዳሴው ወይኑ አማናዊ ደመ ክርስቶስ እንደሚሆን ቤተ ክርስቲያን ታምናለች፣ ታስተምራለች። በመጨረሻም ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ያቀብላሉ። በሌሊት ዘቢቡን የጨመቀው የዲቁና እጅ በጠዋቱ ጽዋውን ለሕዝቡ ያደርሳል።

ለምን አያሰክርም?

ከወይን ፍሬ የወጣ ሁሉ አስካሪ የሚመስለው ሰው አለ። የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው ግን እርሾ ነው። እርሾ በአየሩም በፍሬው ቆዳ ላይም ይኖራል። ስኳርና በቂ ውኃ ሲያገኝ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጠላ ስትጠመቅ፣ ጠጅ ሲጣል የሚታየው አረፋ ይኸው ጋዝ ነው። ይህ ሥራ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በጥንቱ መጥመቂያ ጭማቂው በታችኛው ገንዳ በበጋ ሙቀት ሲቀመጥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መፍላት ይጀምር ነበር፤ ወደ ወይን ጠጅነት እስኪደርስ ግን ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል።

በቤተ ልሔም ያ ጊዜ አይሰጥም። ዘቢቡ ተጨምቆ እዚያው ጠዋት ለቅዳሴው ይቀርባል፤ ለሌላ ቀን አይተርፍም። የደጋው ብርድም እርሾውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ጽዋው የወይን ፍሬ ጣዕም፣ ቀለምና ሹልነት አለው፤ አስካሪነት ግን የለውም። ሕፃን በክርስትናው ቀን ሳይቀር ሊቀበለው የሚችለው ለዚህ ነው። በየቅዳሴው አዲስ መሆኑም ትርጉም አለው። ከትናንት የተረፈ አይቀርብም፤ እያንዳንዱ ቅዳሴ የራሱ መጭመቅ፣ የራሱ ድካም አለው።

ጽዋዕ በዙር አባ

ደቡብ ጎንደር ለዚህ ጽዋ ዜማውንም ጠብቋል። ዝማሬ የሚባለው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከቁርባን በኋላ የሚዜም ነው። አምስት ክፍሎች አሉት፦ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኮቴት፣ ምሥጢር። ሁለተኛው ክፍል በስሙ የጽዋው ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት፣ ማለትም ደቀ መዝሙሩ ትምህርቱን ፈጽሞ የሚያስመሰክርበት ቦታ፣ በጋይንት የሚገኘው ዙር አባ ነው፤ በትውፊት ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዚያ እንደሆነ ይነገራል። ድጓን ማስመስከር የፈለገ ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም እንደሚሄድ፣ ዝማሬን ማስመስከር የፈለገም ወደ ዙር አባ ይወጣል።

እዚህ ላይ የጥንቱን መጥመቂያ እልልታ ማስታወስ ተገቢ ነው። ነቢያት ስለ ጥፋት ሲናገሩ ከሚያነሡት ምልክት አንዱ የመጥመቂያው ዝማሬ ዝም ማለቱ ነው፤ ኢሳይያስ በምዕራፍ 16፣ ኤርምያስ በምዕራፍ 48 ስለ ሞዓብ የተናገሩት ይህንኑ ነው። የረገጡት ሰዎች ዝም ካሉ ፍሬ የለም ማለት ነው። በዙር አባ ደቀ መዝሙሩ ኮቾሮውን በልቶ፣ በብርዱ ተቀምጦ ጽዋዕን ሲያጠና የሚጠብቀው ይህንን ድምፅ ነው። ወይኑ ሲጨመቅ ዜማ አለ፤ ወይኑ ሲጠጣም ዜማ አለ። ዜማው እንዳይጠፋ የሚደክመው ደቀ መዝሙር ከመጥመቂያው ሠራተኞች አንዱ ነው።

ለመባ የሚሆን ዘቢብ እንዴት ይመረጣል?

መጥመቂያ የማይጨምር ከሆነ የጽዋው ንጽሕና የሚጀምረው ከመጥመቂያው በፊት ነው፤ ከሱቁ፣ ከገበያው፣ ከሰጪው እጅ። ዛሬ በከተማ የምንገዛው ዘቢብ አብዛኛው ከውጭ አገር የሚገባ ነው። ስለዚህ ገዥው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ብዙ ፋብሪካዎች ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ዘይት ይቀቧቸዋል። እንዲህ ያለው ዘቢብ ለዳቦ ወይም ለኬክ አይከፋም፤ ለመሥዋዕት ግን ከወይን ፍሬ ሌላ ነገር ይጨምራል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል፤ የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት ከተጠቀሰ ሌላ ይፈለግ። ጽሑፍ ከሌለው ጥቂት ፍሬ በለብ ያለ ውኃ መዘፍዘፍና ውኃውን ማየት ነው፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ከተንሳፈፈ ዘይት አለው። ወርቃማ መልክ ያለው ዘቢብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ እንዳይጠቁር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በተባለ ጋዝ የታጠነ ነው። በፀሐይ ብቻ የደረቀ ዘቢብ በተፈጥሮው ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ጉድለት አይደለም።

ፍሬው ሙሉ፣ ያልሻገተ፣ ያልረጠበ ይሁን። ስኳር ተጨምሮበት የታሸገ አይሁን። እቤት ሲቀመጥ በደረቅ ቦታ፣ በተከደነ ዕቃ ይሁን፤ እርጥበት ካገኘ እርሾው ይነሣል። በበዓል ቀን ተጨናንቆ ከመስጠት ይልቅ ቀደም አድርጎ ለገበዙ ማድረስ ይሻላል፤ ዲያቆናቱ የሚለቅሙበትና የሚያጥቡበት ጊዜ ያገኛሉ። ምን እንደጎደለ አስቀድሞ መጠየቅም መልካም ነው። በትልልቅ የከተማ አድባራት ዘቢብ ሊትረፈረፍ ይችላል፤ በገጠር ግን አንዲት ከረጢት የብዙ ቅዳሴ ወይን ናት።

ከዚህም አልፎ መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የይፋግ ታሪክ እንደሚያሳየው በጣና ዙሪያ ዝቅተኛ መሬት ወይን ይበቅላል። በኢትዮጵያ ወይን በሰፊው ሊለማ እንደሚችል የዝዋይ የወይን እርሻም አሳይቷል፤ የዚያ እርሻ ወይን ጠጅ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። በፎገራ ዙሪያ ያለ አንድ ደብር በግቢው ጥቂት የወይን ግንድ ቢተክል፣ በክረምት ከሻጋታ ቢጠብቀውና ፍሬውን በበጋ ፀሐይ ቢያደርቀው፣ ላይ ላሉት የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ዘቢብ ማድረስ ይችላል። ያኔ በጣራ ገዳም፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት የሚቀርበው ጽዋ ከዚያው አገር መሬት፣ ዝናብና ፀሐይ የወጣ ይሆናል።

የመጽሐፍ ቅዱሱ መጥመቂያ ስለ ሰው የሚያስተምረውም፣ ስለ ዘቢብ የሚያስተምረውም አንድ ነው፦ የሚወጣው የገባው ነው። ዲያቆኑ ምንም ቢነጻ፣ ጨርቁ ምንም ቢጠራ፣ ያልሰጠነውን ንጹሕ ፍሬ መጭመቅ አይችልም። ስለዚህ ዘቢብ ይዞ የሚሄድ ምእመን እንደ ልማድ የሚወረውረው ነገር አድርጎ አይቁጠረው። ይምረጠው፣ ይልቀመው፣ በጊዜው ያድርሰው፤ የመጥመቂያው የመጀመሪያ ሠራተኛ እርሱ ነውና።